የውሻችን የመከታ ነገር



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ውሻ ነው። «ደግሞ ስለ ውሻ ይጻፋል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንደዚሁ ብለን ነበር። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር በቤታችን የደረሰውን ነገር ጠላ በጠጣንበት ሁሉ ስናወራው ኖረናል። ወሬ ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይጣመማል። በአንዱ አፍ የልጁ ቁስል ይሰፋል። በሌላው አፍ ውሻው ጅብ ያክላል። ስለዚህ እንደሆነው አድርገን ልንጽፈው ተነሣን።

እኛ ባልና ሚስት ነን። የምንኖረው ከመራዊ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀን ነው። መራዊ ከባሕር ዳር በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የምትርቀው ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በቆሎ፣ ዳጉሳና ድንች እናመርታለን። ከእኛ ጋር የአባትዬው እናት ይኖራሉ። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እናትዬዋ ግን በጎልማሶች ትምህርት ገብታ ማንበብ ከጀመረች ያን ጊዜ ገና 2 ዓመቷ ነበር።

ውሻችን መከታ ይባል ነበር። ስሙን ያወጡለት እናታችን ናቸው። ወደ ቤታችን የመጣው በ2000 ዓ.ም. ክረምት በአባትዬው ጋቢ ተጠቅልሎ ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ቡችላው ሲንቀጠቀጥ አይተው እናታችን እሳት ዳር አስቀመጡት። «ለዛሬ ብቻ ነው» አሉ። እንዳሉትም በማግስቱ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ደጃፍና ጎተራ ሥር ሆነ።

በዚያን ጊዜ የቆጋ ግድብ እየተሠራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቆጋ ውሃ በቦይ እየተጓዘ ወደ ማሳችን ደረሰ። በበጋም ድንችና ሽንኩርት ማምረት ጀመርን። ድንች ሲመጣ ጃርት ተከትሎ መጣ። ጃርት ቀን ተደብቆ ውሎ ሌሊት ይወጣል። ድንቹን ከሥሩ ምሶ ይበላል። «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» ይባላል። ይህን የተረተ ሰው ጃርት ባለበት አገር ድንች አልተከለም።

መከታ ሌሊቱን ማሳው ዳር ያድር ነበር። አንድ ጊዜ አፍንጫው ላይ 7 የጃርት እሾህ ተሰክቶበት መጣ። አባትዬው በጉጠት አንድ በአንድ ነቀለለት። መከታ አለቀሰ፤ ተንቀጠቀጠ። እጃችንን ግን አልነካም። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ውሻ እንደ ሰው ብዙ አይኖርም። 10 ዓመት ከሞላው ሸምግሏል ማለት ነው። የመከታም አፍ ዙሪያው ሸበተ። የግራ ዓይኑ እንደ አጓት ነጣ። ጠዋት ሲነሣ የኋላ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። መጀመሪያ በፊት እግሩ ይቆማል። ከዚያ ትንሽ ያስባል። ከዚያ ኋላውን እየጎተተ ያነሣል። እናታችን ይህን ባዩ ቁጥር «አይ መከታ፣ እኔና አንተ አንድ ሆንን» ይሉታል። እሳቸውም ከመደብ ሲነሡ እንደዚያው ናቸው።

ይሁን እንጂ የሚያስደስተው ነገር አልጠፋም ነበር። ፀሐይ ስትወጣ የጎተራው ምሥራቅ ጎን ቀድሞ ይሞቃል። መከታ እዚያ ሄዶ ይጋደማል። ፀሐይዋ ስትዞር እሱም ይዞራል። ቅቤ በተናጠ ቀን አጓት ይቀርብለታል። የእንስራውን መናጥ ከሰማ ጀምሮ ከደጃፍ አይነቃነቅም። አጓቱን ጠጥቶ ሲጨርስ ገሉን እየላሰ እስከ አጥሩ ድረስ ይገፋዋል። ገል ሲንከባለል መስማት ለእኛም ደስ ይለን ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የሚወደው ግን የልጃችንን መምጣት ነው። ልጃችን ያን ጊዜ 9 ዓመቱ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መከታ ገና ከሩቅ ኮቴውን ያውቀዋል። ዓይኑ ባያይም ጆሮው ይቆማል። ጭራው መሬቱን ይመታል። ልጁም ዳቦውን ቆርሶ ይሰጠውና አጠገቡ ተቀምጦ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያነባል። መከታ ዝም ብሎ ይሰማል። እናትዬዋ ደግሞ ዳጉሳ እያበጠረች ትሰማለች። እውነቱን ለመናገር፣ በጎልማሶች ክፍል ያልገባት ብዙ ነገር የገባት በዚህ ጊዜ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ገና በዓል ካለፈ በኋላ መከታ መብላት ቀነሰ። እንጀራውን ያሸትና ይተወዋል። አፉን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ለሃጩ ይንጠባጠባል። እኛ «እርጅና ነው» ብለን ተውነው። ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው።

ሐሙስ ጥር 2 ቀን ልጃችን ከትምህርት ቤት መጣ። የመከታን ለሃጭ አይቶ አዘነ። እራፊ ጨርቅ ይዞ አፉን ሊጠርግለት ጎንበስ አለ። ጨርቁ መንጋጋውን ሲነካው መከታ ጮኸና እጁን ነከሰው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው ለቀቀው። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎተራው ሥር ገባ። የልጁ እጅ አውራ ጣቱ ሥር ሁለት ቦታ ደማ።

መከታ በ11 ዓመቱ የቤቱን ሰው ሲነክስ ያ የመጀመሪያው ነው። እሾህ ሲነቀልለት እንኳ ያልነከሰ ውሻ! ለሃጩም ይታየናል። ሁላችንም አንድ ነገር አሰብን። ስሙን ግን ማንም አልጠራውም።

የልጁን ጩኸት ሰምተው ጎረቤታችን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አያ እያልን ነው የምንጠራቸው። ውሻውን አዩ። የልጁን እጅ አዩ። ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሲመጡ ዱላና ገመድ ይዘው ነበር።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው? አብዷል እኮ!» አሉ።

አያ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጅ ሳሉ ታናሽ እህታቸውን እብድ ውሻ ነክሷት ነበር። ቁስሏ ትንሽ ነበረች፤ ድና ተረሳች። ከሁለት ወር በኋላ ግን ልጅቱ ውሃ ሲያቀርቡላት መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጉሮሮዋ ተዘጋ። በ3 ቀን ሞተች። አያ ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይለወጣል። ዱላ ያነሡት ስለዚህ ነው።

እናታችን ግን በመካከል ገቡ። «ቆይ! መጀመሪያ ልጁን!» አሉ። በጎልማሶች ክፍል እብድ ውሻ ለነከሰው ሰው ምን እንደሚደረግ ተምረን ነበር። እናትዬዋ ሳሙናና ውሃ አመጣች። ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል እያፈሰሰች አጠበችው። ልጁ ያለቅሳል፤ እሷም ታለቅሳለች፤ ውሃው ግን አልቆመም። ሁለት እንስራ አለቀ። አመድም ቅጠልም ቡናም አላደረግንበትም።

ለምን በሳሙና? የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዓይን በማይታይ ቫይረስ በሚባል ተሐዋሲ ነው። ተሐዋሲው ያለው በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በጭረት፣ ወይም ቁስልን በመላስ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል ከደረሰና ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ሳሙና ተሐዋሲውን ገና ቁስሉ ላይ ሳለ ይገድለዋል። ሁሉንም ላይገድል ስለሚችል ግን መታጠቡ ብቻ አይበቃም። ክትባት ያስፈልጋል።

እናትዬዋ ልጁን ስታጥብ አባትዬው ከሳጥኑ ውስጥ የመከታን የክትባት ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ከመሬት ይዞታ ደብተራችን ጋር ይቀመጥ ነበር። እናትዬዋ በእርጥብ እጇ ተቀብላ አነበበችው። «ጥር 2009 ዓ.ም.» ይላል። የውሻ ክትባት በየዓመቱ መታደስ አለበት። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ አጨዳና ውቂያ ይዞን አላስከተብነውም። «በሌላ ጊዜ» ብለን ነበር። ያች «በሌላ ጊዜ» ያን ማታ ቤታችን መጥታ ፊታችን ቆመች።

ልጁን አዝለን ወደ መራዊ ሮጥን። ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛ የነበረው ነርስ ቁስሉን እንደገና አጠበውና ሦስት ጥያቄ ጠየቀን። ውሻው የማን ነው? ተከትቧል? በሕይወት አለ? በሕይወት አለ ስንለው «እንግዲያው እንዳትገድሉት!» አለን።

እኛ ገረመን። ነርሱ እንዲህ ሲል አስረዳን። ውሻው በነከሰበት ቀን ለሃጩ ውስጥ ተሐዋሲው ከነበረ፣ በሽታው በ10 ቀን ውስጥ ግልጽ ይወጣል፤ ውሻውም ይሞታል። 10 ቀን ቆይቶ ደኅና ከሆነ ግን በዚያ ንክሻ በሽታ አልተላለፈም። ውሻው ዛሬ ከተገደለ ይህን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሰውም ከብትም በማይደርስበት ቦታ እሰሩት፤ በየቀኑ እዩት፤ እጃችሁን ግን ወደ አፉ አታስገቡ። የልጁ ክትባት ደግሞ 10 ቀን አይጠብቅም። ነገውኑ ይጀመራል። ለዚህም ወደ ባሕር ዳር የምንወስደው ወረቀት ጻፈልን።

ስንመለስ አያ ጎተራው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዱላው ጉልበታቸው ላይ ነው። መከታን አልነኩትም። ነርሱ ያለውን ነገርናቸው። ብዙ ዝም አሉ። «አሥር ቀን?» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያው ገመዱ ድርብ ይሁን። እኔም በየጠዋቱ መጥቼ አየዋለሁ።» ከርቀት በረጅም እንጨት እየተጠነቀቅን ሸምቀቆ አስገባንለት። መከታ አልታገለም። የጎተራው ምሰሶ ላይ ታሰረ፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው።

ያን ሌሊት እናትዬዋ የትምህርት ደብተሯን አወጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ በደብተሩ የጻፈችው ሁሉ ከጥቁር ሰሌዳ የተገለበጠ ነበር። ከራሷ አውጥታ የጻፈችው የመጀመሪያው ነገር የሚቀጥለው ነው። ደብተሩ አሁንም አለ፤ እንዳለ እንገለብጥላችኋለን።

«ጥር 3። ቀን 1። ውሃ ጠጣ። እንጀራ አልበላም። አልጮኸም። አያ መጡ።»

ዓርብ ዕለት አባትዬውና ልጁ ባሕር ዳር ሄደው የመጀመሪያው መርፌ ተወጋ። መርፌው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ቀን እየተቆጠረ ነው የሚሰጠው። ሁለተኛው ቀጠሮ ለሰኞ ሆነ።

«ጥር 4። ቀን 2። ትንሽ ውሃ። ለሃጩ አልቆመም። ስሙን ስጠራው ጭራውን ቆላ።»

«ጥር 5። ቀን 3። እንደ ትናንት። አያ ገመዱን አዩት።»

ጥር 6 ሰኞ ነበር። አባትና ልጅ ለሁለተኛው መርፌ ሄዱ። እናትዬዋ ከእናታችን ጋር ቀረች። ጠዋት የመከታን የውሃ ገል በእንጨት ገፋ አድርጋ አቀረበችለት። አላየውም። ቀትር ላይ እንደገና አቀረበች። ፊቱን አዞረ። አያ መጡ፤ ውሃው እንዳልተነካ አዩና ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም። የእህታቸው ነገር በሁላችንም ልብ ውስጥ ነበር። እናትዬዋ ደብተሩን ከፍታ «ጥር 6። ቀን 4። ውሃ» ብላ ጻፈችና እርሳሱን አስቀመጠችው። የቀረውን መጻፍ አልቻለችም።

በዚያው ሰዓት ልጃችን ጣና ዳር ተቀምጦ ነበር። ጣናን ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው። ዓርብ ዕለት በችኮላ ስለተመለሱ አላየውም። ሰኞ ግን መርፌውን በጊዜ ወጋ። አባትዬው እጁን ይዞ ወደ ሐይቁ ወሰደው። በደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ያልፋሉ። «ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ። አባትዬውም የሚያውቀውን ነገረው። የእኛ ቆጋ ወደ ግልገል አባይ ይገባል፤ ግልገል አባይ ደግሞ ወደ ጣና ይገባል፤ አባይም ከጣና ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ልጁ ብዙ አሰበና «መከታ ቆጋ ውስጥ ሲታጠብ ውሃው እዚህ ይደርሳል ማለት ነው?» አለ። ይደርሳል ብሎ መለሰለት። ሌላ ምን ይባላል?

የተጠበሰ ቆረሶ ገዝተው በሉ። ቆረሶ የጣና ዓሣ ነው። ልጁ ግማሹን አልበላም። «ለመከታ ነው» ብሎ በወረቀት ጠቀለለው። አባትዬው ገንዘቡን እያሰበ ሊቆጣ ነበር፤ ተወው።

ማታ ሲደርሱ ቤቱ ዝም ብሏል። እናትዬዋ የሆነውን ነገረቻቸው። ልጁ ምንም አላለም። ወረቀቱን ፈታ፤ የዓሣውን እሾህ በፋኖስ ብርሃን አንድ በአንድ ለቀመ። ሥጋውን ገል ላይ አደረገና በእንጨት ገፋው። መከታ አሸተተ። ቆየ። ከዚያ አፉን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ቀስ እያለ በላ። ሲጨርስ ገሉን ላሰው። ከዚያ የውሃውን ገል ፈለገ፤ ጠጣ። ስንት ጊዜ እንደላሰ ቆጥረናል፤ 31 ጊዜ ነው። ደብተሩ ላይ «ውሃ» ከሚለው ቀጥሎ «ጠጣ» የሚለው ቃል የተጻፈው በልጁ እጅ ነው። ፊደሉ ከሌላው የተለየ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በምን እንደምንመስላቸው አናውቅም። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ተለማመድነው። ጃርትና ጅብ የሚጠብቅልን ስላልነበረ ሌሊት በተራ ማሳው ዳር አደርን። እሳት እናነዳለን። ረመጥ ውስጥ ድንች እንቀብራለን። እስከዚያ ድረስ በበጋ ሌሊት ውጭ ተቀምጠን አውርተን አናውቅም ነበር። ማታ ተኝተን ጠዋት እንነሣለን፤ ሌሊቱ የመከታ ነበር። እሱ ለ11 ዓመት ብቻውን የሰማውን እኛ በ6 ሌሊት ሰማነው። የቦዩን ውሃ ድምፅ፣ የባሕር ዛፉን ነፋስ፣ የሩቅ ጅብ። በሰባተኛው ቀን ሌሊት ጅቡ ቀርቦ ጮኸ። መከታ ከነገመዱ ተነሥቶ ጮኸበት። ድምፁ እንደ ዱሮው ነበር። በዚህ በሽታ የተያዘ ውሻ ብዙ ጊዜ ድምፁ ይለወጣል ሲባል ሰምተን ስለነበር፣ በዚያ ጩኸት እንቅልፋችንን አገኘን።

አያም በየጠዋቱ መምጣታቸውን አላቋረጡም። እስከ አምስተኛው ቀን ዱላ ይዘው ነበር። በስድስተኛው ቀን ዱላውን ረስተው መጡ። በስምንተኛው ቀን በቅጠል የተጠቀለለ ለስላሳ ሥጋ ከኪሳቸው ሲያወጡ አየናቸው። እኛ እንዳላየን ሆንን።

በጥምቀት ዕለት በተራ ወጣን። ግማሻችን ታቦት ሸኘን፤ ግማሻችን መከታን ጠበቅን። በዚያ ሳምንት በግ ላረዱ ጎረቤቶቻችን ሁሉ አንድ ነገር ነግረናል፤ ለእናንተም በዚሁ አጋጣሚ እንንገራችሁ። የበግ ጭንቅላት ሳይበስል ለውሻ አይሰጥም። በበግ አንጎል ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ወጥቶ ሣር ላይ ይወድቃል። ያንን ሣር የበላ በግ አዙሪት ይይዘዋል። በጋችን ሲዞር «ቡዳ ነው» የምንል ስንቶቻችን ነን?

«ጥር 12። ቀን 10። ውሃ ጠጣ። አጓት ጠጣ። ቆሟል።»

በማግስቱ መከታን በአህያ ጋሪ ጭነን ወደ መራዊ ወሰድነው። ልጁ አጠገቡ ተቀምጧል። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ሳቀ። «ውሻ በጋሪ!» አሉን። እኛም አብረን ሳቅን። የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ጓንት አድርጋ፣ አፉን በገመድ አስይዛ አየችው። ከግራ መንጋጋው ኋላ አንድ ጥርሱ በስብሷል፤ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ለሃጩ፣ አለመብላቱ፣ ያ ንክሻ፣ ሁሉም ከዚያ ጥርስ ነው። ልጁ ጨርቁን ያሳረፈው በትክክል እዚያ ላይ ነበር። አደንዝዛ ነቀለችለት። «ለምን ቶሎ አላመጣችሁትም?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ሲድን ተመልሰን ክትባቱን አስወጋነው። አዲሱ ወረቀት ላይ የሚቀጥለውን ዓመት ቀን ልጁ በትልቁ ጻፈበት።

ባሕር ዳርም ውሻው 10 ቀን ደኅና መቆየቱን አይተው የልጁን መርፌ አቆሙለት። ሦስት ብቻ ተወጋ። መምህራችን ይህን ስትሰማ የዚህን ክትባት ታሪክ በክፍል ነገረችን። በ1877 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር ዮሴፍ ማይስተር የሚባል ልጅ እብድ ውሻ ነከሰው። ዕድሜው 9 ነበር። ሉዊ ፓስተር የሚባል ሊቅ በእንስሳት ላይ የሞከረውን ክትባት ለዚህ ልጅ አስወጋለት። ልጁ ዳነ። ዛሬ የሚሰጠው ክትባት ከዚያ እጅግ የተሻሻለ ነው። ዮሴፍ ካደገ በኋላ በፓስተር ስም በተሠራው ተቋም ዘበኛ ሆኖ ሠራ። ልጃችን ይህን ስንነግረው «እንደ መከታ ማለት ነው» አለ።

መከታ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከ5 ወር ኖረ። እግሩ አልተሻለውም። ሁለተኛው ዓይኑም ነጣ። ጃርት መጠበቁን ተወ፤ ጎተራው ሥር ፀሐይ እየተከተለ ይዞር ነበር። አጓቱን ሲጨርስ ገሉን እንደ ዱሮው እስከ አጥሩ መግፋት ስላልቻለ ልጁ በእግሩ እየገፋ ያግዘው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። እናታችን በዚያች ሌሊት ወደ እሳቱ አለማስገባታቸውን እስከ ዛሬ ያነሣሉ።

ድንች ማሳው ዳር ቀበርነው። ጅብ እንዳያወጣው ጉድጓዱን በጥልቅ ቆፈርን፤ በላዩም ድንጋይ ከመርን። ከድንጋዮቹ ትልቁን ያመጡት አያ ናቸው። «ውሻ ይቀበራል እንዴ?» ያለ አንድ መንገደኛ ነበር። አያ ዞር ብለው አዩት፤ መንገደኛው አለፈ።

ጳጉሜን ላይ አያ በጋቢያቸው ጫፍ ቡችላ ጠቅልለው መጡ። «ሦስት ወር ሆኖታል፤ ለመርፌ ደርሷል» አሉን። ቡችላው ከጋቢው ወርዶ ቤቱን ዞረ፤ መጀመሪያ ያገኘውን የልጁን የአንድ እግር ጫማ ይዞ ጎተራው ሥር ገባ። በመጥረጊያ እንጨት ልናወጣው ሞከርን። ጫማውን ግን አለቅም አለ።